ለእጅ የሚበቃ ኔትወርክ

መርካቶ ያለው ሱቄ ምድር ቤት ነው። ከሲኒማ ራስ ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ ካሉት ፎቆች በአንዱ ሥር ዚፕ፣ ክር፣ ቁልፍና ገበር እሸጣለሁ። እዚያ ታች ድሮ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። የፎቁ ነጋዴ ሁሉ ስልክ ማውራት ሲፈልግ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ መስታወቱ የተሰበረው መስኮት ጋ ያለው ደረጃ ላይ ይወጣ ነበር። ቦታውን የምንጠራው «ኔትወርኩ ጋ» እያልን ነው። ደንበኛ መጥቶ የት ሄደች ብሎ ሲጠይቅ፣ ኔትወርኩ ጋ ናት ይባላል፤ እሱም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ቦታው ደንብ ነበረው። ተራ የሚጠብቅ ሰው ለሚያወራው ሰው ጀርባውን ይሰጣል። ጀርባ ሰጠን እንጂ ጆሯችንን አልደፈንንምና የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ የማን ባል እንዳኮረፈ ሁላችንም እናውቃለን። በሌላው ደንብ ደግሞ በቪዲዮ የሚያወራ ሰው መስመሩ መንተባተብ ሲጀምር ምስሉን አጥፍቶ ድምፁን ማትረፍ አለበት። ከኋላ የቆመው ሁሉ «አጥፊው፣ አጥፊው፣ ድምፁ ይበቃሻል» ይላል። ይህን ለዓመታት ስናደርግ ኖረን አውራ ጣታችን ሳናዘው መሄድ ጀመረ።

ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቴ ጥልፍ ሠሪ ነው። በሀበሻ ቀሚስ ላይ በስፌት መኪና የሚያወጣውን ጥልፍ ለማየት ከአብነትም ከፒያሳም ሰው ይመጣል። ጆሮው አይሰማም፣ አንደበቱም አይናገርም። ከእኔ ጋር የምንግባባው በጥቁር የገበር ቁራጭ ላይ በጠመኔ እየጻፍን ነው፤ ጽሑፉ በመዳፍ ጠረግ ሲያደርጉት ይጠፋል። ከአገር ቤት የሚደወልለት ስልክ የሚመጣው በእኔ ቁጥር ስለሆነ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮው እኔ ነበርኩ።

ከጅማ ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ የምትኖር ታላቅ እህት አለችው። እሷም አትሰማም። ልጆች ሳሉ ሁለቱ ራሳቸው የፈጠሩት የእጅ ቋንቋ አላቸው። እሱ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ተማረ፤ ጽሕፈትም፣ ሌሎች መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚነጋገሩበትን ምልክትም ቻለ። እሷ ግን ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ያንኑ የልጅነት ቋንቋ ይዛ ቀረች። ከእሱ ሌላ ያንን ቋንቋ የሚያውቁት እናታቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ባለፈው ክረምት አረፉ። ለቅሶውን ተቀምጦ ሲመለስ፣ በገበሩ ላይ «አሁን ማን ያናግራታል» ብሎ ጽፎልኝ ነበር።

የኔትወርኩ ማሻሻያ የጀመረው ያለውን በማጥፋት ነው። ወገባቸው ላይ ገመድ የታጠቁ ሠራተኞች ጣሪያችን ላይ ሁለት ሳምንት ከረሙ፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ደረጃው ላይ እንኳ ስልክ አልሠራ አለ። እኔ መቼም ዝም ማለት አልችልበትምና በወረዱ ቁጥር ለከፍኳቸው። ማሻሻል ማለት ከደሃ ላይ መንጠቅ ነው ወይ አልኳቸው። ቆይ፣ ገና ታች ሆነሽ ትሰሚያለሽ ብለው እየሳቁ አለፉኝ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገበር እየለካሁ ሳለ መሳቢያ ውስጥ የተውኩት ስልኬ ጮኸ። ምድር ቤት ውስጥ። ሜትሩን ከእጄ ጣልኩት። ሳየው መስመሮቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው፣ ጎናቸው ላይ ፎር ጂ ይላል። ልጄ ከሳምንታት በፊት ልካልኝ አልከፈት ያለ ቪዲዮ ነበር። ነካሁትና ያቺን የምትሽከረከር ክብ ስጠብቅ ክቧ አልመጣችም፤ ልጄ ወዲያው መሳቅ ጀመረች። የፎቁ ሲሚንቶ ሁሉ ከላዬ ተጭኖኝ፣ በዚፕ ካርቶን ተከብቤ፣ ከየት መጣ ይሄ ብዬ ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳይ ከፊቴ ያለው ደንበኛ ምን ሆንሽ አለኝ። የፎቁ ሰው ለሦስት ቀን አላመነም። ስልኩ እጁ ላይ እየጠራ ደረጃውን ሲሮጥ የሚወጣ ስንቱን አየሁ። እኔም አንዴ ወጥቻለሁ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ የጎረቤቴ አጎት ደወሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሴት ልጅ ሆና እህቱ ብቻዋን በባዶ ቤት መኖሯ አላስተኛኝ ስላለ ወደ እኔ ቤት ላመጣት ነው፣ የእናትየውን ቤት እንዘጋዋለን፣ ዕቃው ነገ ጠዋት ይጫናል አሉኝ። «እሷም ተስማምታለች፣ ንገሪው» አሉ። እንዳሉት በገበሩ ላይ ጽፌ ሰጠሁት። የስፌት መኪናውን አቆመ፣ አነበበ፣ በመዳፉ ጠረገውና አንድ ነገር ብቻ ጻፈ።

«ማን ጠየቃት?»

ከእናቱ ሞት ወዲህ ስንት ጊዜ እህትህ ደህና ናት፣ እህትህ ሐዘኑን ረስታዋለች፣ እህትህ ሰላም ብላሃለች ብዬ ጽፌለታለሁ። አንዱንም እሷ አላለችውም። ሰው ፊቷን አይቶ የገመተውን እኔ የእሷ ቃል አድርጌ ሳቀብለው ኖሬያለሁ። በጣም አፈርኩ።

መንገዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ የዛሬው አውቶቡስ ንጋት ላይ ሄዷል፣ ነገ በመጀመሪያው ቢነሳ እንኳ ቤቱ ተዘግቶ ነው የሚደርሰው። በቪዲዮ ጠይቃት ብዬ ጻፍኩለት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚህ በፊት ሞክሯል። ድምፅ ሲቆራረጥ ሰው ግማሹን ሰምቶ ሌላውን ይሞላል፤ እጅ ግን አየር ላይ ደርቆ ይቆምና ሲለቀቅ ሌላ ቦታ ይገኛል፣ መሃል ላይ የተባለው ነገር የለም። እህቱ ደግሞ የሚያኮርፋት እየመሰላት ስታለቅስ አይቷታልና ድጋሚ አልደውልም ብሎ ነበር። እኔ ግን እንቢ አልኩ። አጎትየውን መልሼ ስጠይቃቸው እነሱም ጋ አዲሱ መስመር ከገባ ሳምንቱ ነው አሉኝ። ሴት ልጃቸው ጥሩ ስልክ አላትና ይዛላት ወደ እናትየው ቤት ሄደች፤ እሳቸውም ተከተሉ።

ተደወለ። ስልኩን እኔ ያዝኩት። አንዲት ጠይም፣ ሻሽዋን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ብቅ አለች፤ ወንድሟን ስታይ እጆቿ ተነሱ። እንዴት ብዬ ልናገር። ጣቶቿ ሲታጠፉ፣ መዳፏ ደረቷን ሲመታ፣ አየሩን ስትቆርጠው፣ አንዷም እንቅስቃሴ ሳትጎድል ከጅማ ማዶ መርካቶ ምድር ቤት ትደርሳለች። እሱም ይመልሳል፤ እሷም ሳይጨርስ ገብቷት ታቋርጠዋለች። ሲቋረጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤ በገበር ላይ ሰው ሰውን ማቋረጥ አይችልም።

ይኼኔ ምስሉ ለቅጽበት ተንገዳገደ። አውራ ጣቴ ሳላዘው ሄደና ቪዲዮውን አጠፋው። ሁለት የማይሰሙ ሰዎች መሃል ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሃሎ፣ አሁን ይሰማል?» አልኩ።

ጎረቤቴ አየኝ። ያደረግኩት ሲገባኝ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ምስሉን መለስኩት፤ እህትየው እጇ ተነሥቶ እዚያው እየጠበቀች ነበር። እሱ ስልኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና ከክር ካርቶን ጋር አስደግፎ አቆመው። ከዚያ በኋላ አንዴም አልተንገዳገደም።

ረጅም ጊዜ አወሩ። ስትጨርስ እሱ ገበሩን ሳበና ለአጎቴ አንብቢላቸው ብሎ የእሷን ቃል ጻፈው። እኔም ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ አነበብኩ። «ከእናቴ ቤት አልወጣም። እዚህ ምን የት እንዳለ በጨለማም አውቃለሁ። የምፈራው ብቻዬን ማደሩን ነው። ልጅዎ ከእኔ ጋር ትደር።»

ከማዶ፣ ከምስሉ ውጪ፣ የአጎትየው ድምፅ ብቻ መጣ፤ ይሄን ሁሉ እሷ ናት ያለችው ብለው ጠየቁኝ። እሷ ናት አልኳቸው። ዕቃው ይቀራል በቃ፣ ልጄም ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ታድራለች አሉ። ይህንን ጽፌ ሰጠሁት፣ እሱም በእጁ ለእህቱ አለላት፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። የምንሰነባበት መስሎኝ ነበር።

«እህቴ» አሉኝ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው። «አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እኔን ማን ብላ ነው የምትጠራኝ?»

ጻፍኩለት። ጎረቤቴ አንብቦ ፈገግ አለና ለእህቱ አስተላለፈላት። እሷ ደግሞ እንደማፈር ብላ ሁለት ጣቷን ከከንፈሯ በላይ አድርጋ ወዲያና ወዲህ ጠረገች። እሱ «ጢም» ብሎ ጻፈ፤ እኔም አነበብኩላቸው።

«ከተላጨሁት እኮ ሃያ ዓመት ሆነኝ» አሉ።

ልጃቸው ስልኩን ወደ እሳቸው አዞረችው። ሽማግሌው እህትየው ፊት ቁጢጥ ብለዋል። ሁለት ጣታቸውን አነሱና፣ ፀጉር በሌለው ከንፈራቸው ላይ ወዲያና ወዲህ እየጠረጉ፣ መልሰው ደረታቸውን በመዳፋቸው እየነኩ፣ እኔ ነኝ ይሏታል።