የሦስተኛው ፎቅ ነዋሪ

ሥራዋን ሰው ሲጠይቃት «ጽዳት ነኝ» ትላለች፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ቆሻሻ እንዲኖር መጀመሪያ ሰው መኖር አለበት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ የሚኖር ሰው የለም። የእሷ ሥራ መኖር ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በአሥራ ሁለት ባዶ ቤቶች ውስጥ፣ በሌሉ ሰዎች ፈንታ ትኖራለች።

አሠራሩ አንድ ነው። በር ትከፍታለች፤ ጫማዋን አውልቃ እዚያው ያለውን ነጠላ ጫማ ታጠልቃለች። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ሁለት ባልዲ ያህል ውሃ ታፈሳለች፤ የሽንት ቤቱን ትለቃለች፤ የሻወሩን ወለል ታረጥባለች፤ ደረቁን የጥርስ ብሩሽ አርሳ ወደ ኩባያው ትመልሰዋለች። ምድጃው ላይ ድስት ትጥድና ሩብ ሰዓት ውሃ ብቻ ታፈላለች። መጋረጃውን እስከ ግማሽ ትገልጣለች። ሙሉ በሙሉ የተገለጠ መጋረጃ ሆቴል ያስመስላል፤ ይህን ማንም አልነገራት፣ ራሷ ነች የደረሰችበት። በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣለች፣ የትናንቱን ታነሳለች። ልብሱ ያው ልብስ ነው፤ ከቤት ቤት ይዞራል። ከመታጠብ ብዛት የሳሳ አንድ የወንድ ሸሚዝ አለ፤ አንድም ቀን ገላ ነክቶት አያውቅም።

ነገሩ የመጣው ከደንብ ነው። በዚያ ጎዳና ላይ የሚሠራ ሕንፃ ከስድስት ፎቅ በላይ መውጣት አይችልም። ባለቤቱ ከቤቶቹ የተወሰኑትን ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በቅናሽ ካከራየ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ፎቅ ይጨምርለታል። ደንቡ ደግ ደንብ ነበር። የዚህ ሕንፃ ባለቤት ሁለቱን ፎቅ ወሰደና ሸጣቸው፤ አሥራ ሁለቱን ቤቶችም በተባለው መሠረት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከጓሮ በኩል ሠራ። ሰው ብቻ አላስገባባቸውም። ግዴታው በአምስት ዓመት ያበቃል፤ እስከዚያ ባዶ ካቆያቸው ከተከራይ ጋር ሳይጨቃጨቅ በሙሉ ዋጋ ይሸጣቸዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ሰው መኖሩን የሚያውቀው በውሃና በመብራት ቆጣሪ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ጓሮ ቆሞ ቀና ብሎ መስኮቶቹን ያያል፣ ጎረቤት ጠይቆ ይሄዳል።

ስትቀጠር እንዲህ አልተባለችም። ወጣቱ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ «ተከራዮቹ እስኪገቡ ቧንቧው እንዳይዝግ ነው፣ እትዬ» ብሎ የመታወቂያዋን ኮፒ ተቀበለና የወረቀት ክምር አስፈረማት። ቀድሞ የምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተዘግቶ ስድስት ወር ሙሉ ሥራ ፈትታ ነበር፤ ሳታነብ ፈረመች። ልብስ አስጪ ሲሏት ነው ነገሩ የገባት። ገብቷትም ዝም አለች። የሕንፃው ዘበኛ ግን ዝም የሚል ሰው አልነበረም፤ ጠዋት በር ላይ ሲያያት ያፌዛል።

«ባለ አሥራ ሁለት ቤቷ! ዛሬስ የትኛው ቤትሽ ነው ምሳ የምንበላው?»

«ሰባተኛው፤ ውሃ ፈልቶልሃል።»

ቀልዱ እስከ ደረጃው ድረስ ይከተላታል፤ ላይ ስትደርስ ይጠፋል። ኮሪደሩ ላይ የራሷ እርምጃ ብቻ ይሰማል። ከጊዜ በኋላ ወደየቤቱ ስትገባ «እንዴት ዋላችሁ» ማለት ጀመረች፤ ያለ ሰላምታ መግባቱ ይከብዳታል። መልስ የሰጣት የለም። ቢሆንም ስትወጣ ጀርባዋን አትሰጥም፤ ፊቷን ወደ ውስጥ አድርጋ ነው በሩን የምትስበው። ቁጥር ዘጠኝ ውስጥ ቶሎ ትጨርሳለች፤ ምክንያቱን ብትጠየቅ አታውቀውም። ቁጥር አራት ግን ደስ ይላታል። ፀሐይ ይገባበታል። መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ ታርፋለች፤ ወንበሩ በእሷ ልክ ጎድጉዷል።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህርት ደረጃው ላይ አቆሟት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ልክ ከቁጥር አራት ሥር ነው የሚኖሩት።

«አራት ቁጥር ነሽ አይደል? ትናንት አመሻሹን ያቺ ሕፃን እንዴት አለቀሰች በይ! ጥርስ እያበቀለች ነው?»

«የቷ ሕፃን?»

«ያንቺዋ ናታ! አያቷ አይደለሽ? እሹሩሩ ስትያት እኮ እሰማሻለሁ። አይዞሽ፣ ቅሬታ አይደለም፤ ቤት ድምፅ ሲኖረው ደስ ይላል።»

ትናንት አመሻሽ የልጅ ልጇ በእርግጥ አልቅሳለች። በእርግጥም ጥርስ እያበቀለች ነው። እሹሩሩም ብላታለች። ይህ ሁሉ የሆነው ግን በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከልጇ ጋር ለሦስት በሚኖሩባት ኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ለመምህርቷም ሆነ ለዘበኛው ስለ ሕፃኗ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ቁጥር አራትን ጓዳ ለጓዳ ፈተሸች። የነበረው ሁሉ እንደነበረ ነው። ወንበሩ ብቻ እጇን ስታሳርፍበት ለብ ያለ ይመስላል። ፀሐዩ ነው አለች ለራሷ።

በዚያው ሰሞን የኪራይ ቤቷ ግቢ ሊፈርስ ነው ተባለ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ውጡ። ልጇ ሕፃኗን እንዳዘለች ስታለቅስ «እኔ እናትሽ ስድስት ዓመት ተራ የጠበቅኩት ለመቼ ነው?» አለቻትና ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ወዳለው የቤቶች ቢሮ ሄደች። ከዚያ ተራ ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትም። ጸሐፊዋ ስሟን ኮምፒዩተሩ ላይ ፈልጋ አገኘችውና ቀና አለች።

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ ቤት አለዎት።»

«የት?»

ጸሐፊዋ የሕንፃውን አድራሻ አነበበች። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አራት። ከገቡ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር። ተቆጣጣሪያችንም ባለፈው ወር ጎረቤትዎን አነጋግሯል፤ ጥሩ ሰው ናት ብለዋል።»

«እኔ እዚያ አልኖርም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ማን ነው የሚኖረው?»

ውሃውን ማን ያፈሳል? እሷ። ምድጃውን ማን ያበራል? እሷ። ነጠላ ጫማው የማንን እግር ቅርጽ ይዟል?

ጸሐፊዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አልኖርበትም ካሉ ሐሰት አስመዝግበዋል ይባላል፤ ከተራውም ይሰረዛሉ። ቢያስቡበት ይሻላል።»

አሰበች። የሚያሳስባትም እዚያው ነበር፤ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ሕፃኗን ይዘው የሚገቡበት ቀዳዳ የለም።

«የውሉን ኮፒ ስጪኝ» አለች።

ወረቀቱ ማኅተም አርፎበት ወጣ። ስሟ አለ፤ ያ የፈረመችው ክምር ምን እንደነበር አሁን ገባት። ከሥሩ የልጇ ስም አለ። ከልጇ ሥር የሕፃኗ ስም አለ። እሷ ሥራ ስትቀጠር ሕፃኗ አልተወለደችም።

«ይቺን ማን አስገባት?»

«እርስዎ ነዎት። በተወለደች በሳምንቷ መጥተው አስጨምረዋል፤ ይኸው ፊርማዎ።»

ፊርማው የእሷ ነው። ፋብሪካ እያለች ጣቷን መርፌ ወግቶት የመጨረሻው ፊደል ጭራ ተጣሞ ይወጣል፤ እዚህም ተጣሟል። ልጇ በወለደች በሳምንቱ አራስ ቤት ሆና ገንፎ ታማስል እንደነበር በደንብ ታስታውሳለች። ወረቀቱን ግን አልመለሰችም፤ አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ቅዳሜ ፍራሽ አስጭና መጣች። ዘበኛው ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ በሰው ፈንታ መተኛትም ጀመርሽ?»

«ዛሬስ ራሴው ልኖር ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ሞተ። ስልክ ሲያነሳ አየችው። ሥራ አስኪያጁ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ።

«እትዬ፣ አብደሻል? ማን ፈቀደልሽ?»

ውሉን ዘረጋችለት።

«ይሄ እኮ ለወረቀት ያህል ነው!»

«እኔም በወረቀቱ ነው የገባሁት።»

«ከሥራ ተባረሻል!»

«ከሥራው ነው ወይስ ከቤቱ? ከቤቱ ከሆነ አብረን እንሂድና ማዘጋጃ ቤት ፊት "እዚህ ማንም ኖሮ አያውቅም" በላቸው። እኔ ምን ቸገረኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፤ ላይ ያሉትን ሁለት ፎቆች በራሱ አንገት የተሸከማቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ደረጃውን ወረደ።

«ሕፃኗን አንተ ነህ ወይ ያስጨመርካት?» ብላ ከደረጃው አናት ጮኸችበት።

«የቷን ሕፃን?» አለ። የእውነቱን ነው የጠየቀው።

ቤት ማግኘቱ እፎይ ያሰኛል፤ መልመዱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ማለዳ ልጇ ወጥ ቤት ገብታ «እማዬ፣ ድስቱ ውስጥ እኮ ውሃ ብቻ ነው!» አለቻት፤ ረስታው ሩብ ሰዓት አፍልታለች። የጥርስ ብሩሿን አርሳ ሳትቦርሽ ትመልሰዋለች። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በቀሩት አሥራ አንድ ቤቶች ውስጥ በራሳቸው እንዲበሩ ሰዓት የተሞላላቸው መብራቶች ቀጭ ቀጭ እያሉ ሲበሩ በግድግዳው በኩል ትሰማለች። ሁሌም ከዚያ በፊት ትወጣ ስለነበር ድምፁን ሰምታው አታውቅም።

በስምንተኛው ቀን፣ ልጇ ሕፃኗን ለክትባት ይዛ በወጣችበት እኩለ ቀን ላይ፣ መስኮቱ ሥር እንደተቀመጠች በሯ ተከፈተ። ያላንኳኳች ሴት ገባች። ዕድሜዋ ከእሷ ጥቂት ያንሳል። ጫማዋን አውልቃ ነጠላ ጫማውን አጠለቀች፣ ወጥ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን ከፈተች። አንድ ባልዲ ያህል ፈሰሰ። ሁለት ባልዲ። ከዚያ መጋረጃውን ልትገልጥ መጣችና ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ማነሽ አንቺ?» አለች የቤቲቱ ባለቤት።

ሴትየዋ አልደነገጠችም። «ውይ፣ አንቺንም ቀጠሩሽ? ብቻዬን መስሎኝ ነበር። አንቺ መቀመጥ ብቻ ነው ሥራሽ? ታድለሽ!»

«እኔ እዚህ ነው የምኖረው።»

ሴትየዋ በሳቅ ፈረሰች። «ጎበዝ! እኔንም ሰው ከጠየቀሽ እንደዚያው በይ ብለውኛል።»

የቤቲቱ ባለቤት አንድ አፍታ የገዛ እጇን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ነገሩን በሌላ በኩል ያዘችው።

«አንቺ ቤት አለሽ?»

«የት አባቴ! ዘመድ ቤት ተጠግቼ ተራ እየጠበቅኩ ነው። አምስት ዓመት ሆነኝ።»

«ስትቀጠሪ ምን ምን አስፈረሙሽ?»

«እኔ እንጃ፣ ብዙ ነው። ምነው?»

«ነገ ጠዋት ቤቶች ቢሮ ሂጂ። ቤት መቼ ይደርሰኛል ብለሽ እንዳትጠይቂ። ስንት ቁጥር ነው የምኖረው ብለሽ ጠይቂያቸው።»

ሴትየዋ ሌላ ቀልድ የምትጠብቅ መስላ ጥቂት ቆመች። ስታየው አልመጣም። መጋረጃውን ሳትነካ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ወጣች። በሩ ሳይዘጋ ስለቀረ የቤቲቱ ባለቤት ከወንበሯ ሆና አየቻት፤ ኮሪደሩ መሀል ቆማ፣ አንዱንም በር ሳትከፍት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እያለች በሹክሹክታ ቁጥሮቹን ታነባለች።