በደጋፊዎች ወንበር የተቀመጠው ተቃዋሚ

ያን ሰሞን ንባብና እንቅልፍ ተቀላቅለውብኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ እቀመጥና፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ ያንን ጡብ የሚያህል ሪፖርት እገልጣለሁ። ሁለት አንቀጽ ሳልዘልቅ ፊደሎቹ መሟሟት ይጀምራሉ። መስመሮቹ ይወዛወዛሉ፣ ገጹ ውሃ ይሆናል፤ ከውሃው መሐል አንድ ነጭ ጉልላት ያለ ድምፅ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። እኔም በሕልሜ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳዋለሁ። «እንኳን ደህና መጡ» እለዋለሁ። ስነቃ አፍራለሁ። ሰው ሊቃወም የተነሣውን ነገር በሕልሙ እንኳ አንቱ ይላል?

ሪፖርቱ ሊሠራ ስለታሰበ ባለ ነጭ ጉልላት የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ነው። ቦታው ከናይሮቢ ሩቅ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ነው። ለእኔና ለባለቤቴ ግን ሩቅ አይደለም። ጉልበታችን ደህና በነበረ ጊዜ እዚያ መንደር መሬት በሊዝ ይዘን ሁለት ክፍል ቤት ሠርተን ነበር። ያሰብነው ለዕረፍት ነው፤ ኋላ ግን ለባለቤቴ ጉልበት ሕመም መድኃኒት ሆነ።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ባሕሩ ውስጥ ከተደረደረው የኮራል ድንጋይ ወዲህ ሰፊ ኩሬ ትቶ ይሄዳል፤ ለብ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ወገብ የሚደርስ። ባለቤቴ ናይሮቢ ውስጥ ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ የምትደርሰው በምርኩዝ ነው። እዚያ ግን ምርኩዙን ለእኔ ታስይዘኝና ትገባለች። ከዚያ ትራመዳለች። አትዋኝም፣ አትጫወትም፤ ገበያ እንደምትሄድ ሴት ቀጥ ብላ ትራመዳለች፣ ትዞራለች፣ ትመለሳለች። ሐኪሟ ውሃ ውስጥ መራመድ ነው ያላት። እዚሁ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር ያለ አንድ መዋኛ ወስጃት ነበር። ውሃው በረዶ፣ ልጆቹ ጩኸት ሆኑባት። «እንደ ድንች ታጥቤ ወጣሁ» ብላ ሁለተኛ አልሄደችም።

ሪፖርቱ ውስጥ ካርታ አለ። ካርታው ላይ ኩሬያችን የለም። በሱ ፈንታ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ የሚሳብበት ቦይ በሰማያዊ መስመር ተሥሏል።

«የት ጋ ነው የምንገባው?» አለችኝ ከጎኔ ሆና።

ጣቴን አስቀመጥኩ።

«አንሣው እስቲ።»

አነሣሁት። ከጣቴ ሥር መስመሩ ነበር። መስመሩን በጣቷ ተከተለችው።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ስትጽፍ ኖረሃል» አለች። «አንድ ቀን ለእኔ ጻፍልኝ።»

እውነቷን ነው። ናይሮቢ ውስጥ ያለን ኢትዮጵያውያን ከመሥሪያ ቤት ጋር ስንጣላ ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። የመኖሪያ ፈቃድ የዘገየበት፣ አከራይ ያስቸገረው፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ሳይቀር። ሙያውን የተማርኩት በጎረምሳነቴ አዲስ አበባ ውስጥ መዝገብ ቤት ስሠራ ነው። አለቃዬ ማመልከቻን እንደ ጥየቃ ነበር የሚያዩት። ሰው ቤት ሄደህ ከበር ላይ ጉዳይህን አትጮህም፤ ትገባለህ፣ ሰላም ትላለህ፣ ልጆቹን ትጠይቃለህ፣ የቀረበልህን ትቀምሳለህ፤ ልትነሣ ስትል «ለነገሩ አንዲት ጉዳይ ነበረችኝ» ትላለህ። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ጠቅሜያለሁ። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማወራው።

ጋዜጣ ላይ በወጣው ማስታወቂያ መሠረት ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ማንም ሰው ድጋፉን ወይም ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ ከዚያ ናይሮቢ ውስጥ የሕዝብ ስብሰባ ይደረጋል። እጅጌዬን ሰብስቤ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ገጽ መንግሥትን አመሰገንኩ። ኤሌክትሪክን አሞገስኩ፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ ከጠረጴዛ ጋር የተጋጨሁባቸውን ቀናት ሁሉ ዘረዘርኩ። አቶምን ራሷን ሳይቀር አወደስኳት። በሁለተኛው ገጽ ለመሐንዲሶቹ ጤና ተመኘሁ። በሦስተኛው ገጽ ግርጌ «ይሁን እንጂ» አልኩ። «ይሁን እንጂ» የእኔ ጥበብ ናት፤ እንደ ድመት ኮቴዋ ሳይሰማ ነው የምትገባው። ከሷ በኋላ ስለ ኩሬው በሦስት መስመር ጻፍኩ፤ ካነበብኩት በኋላ በራሴ ተደንቄ ተኛሁ።

እንግሊዝኛውን የምትተይብልኝ ልጃችን ናት። ኢምባካሲ አንድ የካርጎ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ መንገድ ላይ ብዙ ተሳፋሪ ይጭናል።

«አባዬ፣ ኦብጀክሽኑ የታለ?»

«ትደርሺበታለሽ።»

ተየበች፣ ተየበች። «ፔጅ ስሪ ላይ? ሲሪየስሊ? እዚህ ሀገር እኮ ሰው ፈርስት ፓራግራፍ ብቻ ነው የሚያነበው።»

«እሱ ስድ ነው።»

«የሚወስነው እሱ ነዋ፣ ምዜ!»

«ምዜ» በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው። ሀገሬው በአክብሮት ይለኛል፤ ልጄ ግን የምትለኝ ስታርር ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ አንዲት ቃል እንዳትነካ ከለከልኳት። እናትየው ከወጥ ቤት «ልጅቷን ስማት እንጂ» አለች። አልሰማሁም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያው በረንዳ ላይ ሳንቀላፋ ስልክ ተደወለ። አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ ከስብሰባው ጽሕፈት ቤት።

«ምዜ፣ ደብዳቤዎ በጣም አስደስቶናል። እንዲህ ያለ ልብ የሚያሞቅ ደብዳቤ አልደረሰንም። ስብሰባው ላይ መጥተው ቢናገሩልን?»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ወጥ ቤት በረርኩ፤ በእኔ ዕድሜ መብረር ማለት ሳይደገፉ መሄድ ነው።

«ደብዳቤዬ አስደስቷቸዋል!»

«ተቃውሞ ያስደስታል እንዴ?» አለች ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም።

«አጻጻፉ ነዋ።»

እስከ ስብሰባው ቀን መሬት ሳልረግጥ ሰነበትኩ። የኩሬው ውሃ እስከ በረንዳችን መጥቶ ወንበሬን የሚያንሳፍፈው ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ያቺ ደዋይ ተቀበለችን። ባለቤቴን በክንዷ ደግፋ ወደ ፊተኛው ረድፍ ወሰደችን፤ ወንበሩ ስፖንጅ አለው፣ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ቀርቧል። ባሻገር በግራ በኩል ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተጨናነቁት ከባሕሩ ዳር በአውቶቡስ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው የመንደራችንን ጎረቤት፣ ሽማግሌውን ዓሣ አጥማጅ አየሁት። ባለቤቴ ውሃ ውስጥ በገባች ቁጥር ከታንኳው ላይ «ማማ፣ ፖሌ ፖሌ!» እያለ ቀስ እንድትል የሚያስጠነቅቃት እሱ ነው። እጄን አነሣሁለት። አየኝ፤ ፊቱን አዞረ።

«ምን አደረግነው?» አለች ባለቤቴ።

መልሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የተናጋሪዎች ዝርዝር በሁለት ዓምድ ተከፍሏል፤ ደጋፊና ተቃዋሚ። ስሜ ከደጋፊዎቹ ሦስተኛው ላይ ተጽፏል።

ባለቤቴ እንግሊዝኛ የምታነበው በዝግታ ነው፤ ያን ቀን ግን ከእኔ ቀደመች።

«ይኼ ምንድነው?»

«ስሕተት ነው።»

«የማን?»

ውሃ ጠጣሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ የማን ስሕተት ነው? ለእኔ ጻፍልኝ ብልህ በገዛ እጅህ አሳልፈህ ሰጠኸኝ?»

ደዋይዋን ጠራኋት። ደብዳቤዬን ከፋይሏ አወጣች። የመጀመሪያው ገጽ በአረንጓዴ ቀለም ተሠምሮበታል፤ ኤሌክትሪክን ያሞገስኩበት ቦታ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን ገጽ ገልጬ «ይሁን እንጂ»ን አሳየኋት። አነበበች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ፖሌ ሳና፣ በጣም ይቅርታ፣ ምዜ። ብዙ ደብዳቤ ነበር፤ የእርስዎ አጀማመር ደግሞ... ማን ይጠረጥራል?»

ምን ይሻላል አልኳት። የምናገረው በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ደብዳቤው ግን ዛሬ መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት በጽሑፍ ካልተሻረ ከድጋፎቹ ጋር እንደተቆጠረ ይቀራል አለችኝ። በዓይኔ ታየኝ፤ በባለቤቴ ኩሬ ላይ ሰማያዊውን መስመር ከሚያሠምሩት እጆች አንዱ የእኔ።

ተራዬ ደረሰ። ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ ሊያልቅ ሲል ደወል ይመታል። ድምፅ ማጉያው ፊት ቆምኩ፤ በቀጥታ ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራንና ክቡራት፣ ከሁሉ አስቀድሜ...»

ምን ላድርግ፣ አፌ የለመደውን መንገድ ያዘ። ምስጋናው መጣ፣ የሰብሳቢው ትዕግሥት መጣ፣ የአዳራሹ ውበት ሳይቀር መጣ። አዳራሹ በጠዋት ፀሐይ ተሞልቶ ይንሳፈፍ ጀመር፤ ራሶች እንደ ኮራል ድንጋይ ከብርሃኑ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ፤ ያ ነጭ ጉልላት ከሰብሳቢው ጀርባ ሲወጣ ያየሁት መሰለኝ። ልሰግድለት ምንም አልቀረኝም። ያኔ ደወሉ ተመታ።

ባለቤቴን አየሁ። አልተቆጣችም፤ ቢሆንማ ይሻለኝ ነበር። ጉልበቷን በመዳፏ ታሻለች፤ ማንም የማያያት መስሏታል።

«እቃወማለሁ» አልኩ።

ድምፄ አስደነገጠኝ። እንዲህ ራቁቱን ወጥቶ አያውቅም።

«ቦዩ የሚያልፍበት ኩሬ ውስጥ ባለቤቴ ትራመዳለች። ሌላ የምትራመድበት ቦታ የላትም። ይኸው ነው።»

«ሌላ የሚጨምሩት አለ፣ ምዜ? ጥቂት ሰከንድ አለዎት» አለ ሰብሳቢው።

«የለኝም።»

በሕይወቴ ጊዜ ተርፎኝ ቃል ያለቀብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከግራ በኩል አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎች ተከተሉት። ወደ ስፖንጁ ወንበር አልተመለስኩም። ባለቤቴን አስነሥቼ ወደ ግራ ሄድን፤ ዓሣ አጥማጁ ፕላስቲክ ወንበሩን ለቀቀላትና እኔን በክርኑ ጎሸመኝ። «ምዜ፣ አስደንግጠኸን ነበር» አለኝ።

በዕረፍት ሰዓት ከመዝገብ ጠረጴዛው ዘንድ ወረቀት ለመንኩ። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ አስጻፈችኝ።

«የቀደመው ደብዳቤዬ ድጋፍ አይደለም። ጣቢያው እዚያ መሠራቱን እቃወማለሁ። ነጥብ አድርግ።»

«ሰላምታስ?»

«አያስፈልግም።»

«ግርጌው ላይ 'ከታላቅ አክብሮት ጋር' ብቻ...»

«እሷን ብትጽፍ ወረቀቱን እቀደዋለሁ።»

አልጻፍኳትም፤ እጄን ግን አሳከከኝ። ፈርሜ ልሰጥ ስል ብዕሩን ተቀበለችኝና ከስሜ ሥር በአማርኛ ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች። የመዝገቡ ጸሐፊ «ይኼኛው ምንድነው?» ብላ ጠየቀች።

«የምትራመደው እሷ ናት» አልኩ። ማኅተሙን ሁለቱም ስሞች ላይ አሳረፈችው።

ውሳኔው ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልወጣም። ሀገሩ መብራት ያስፈልገዋል፤ በደብዳቤዬ ያልኩት ውሸት አልነበረም። የአንዲት ሴት ጉልበት ከዚያ ጋር ሲመዘን ምን ያህል እንደሚሆን አላውቅም።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲያችን መንገድ መዘጋጋት ውስጥ ገብቶ ቆመ። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። እሷ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋለች፤ የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ቢሠሩትስ?» አለች።

«ሌላ ማመልከቻ እጽፋለሁ።»

«አንተ? እኔ ነኝ የምጽፈው። አንተ ትተይባለህ።»

ስልኳን አወጣችና ወደ ዓይኗ አስጠጋች። የባሕሩን መሸሻና መመለሻ ሰዓት የሚያሳይ ነገር ልጃችን እንደጫነችላት አላውቅም ነበር።

«አሁን እየሸሸ ነው» አለችኝ።

«ኩሬው ታይቷል?»

«ገና ነው። ድንጋዮቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል።»

መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ሁለታችንም ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን።