ከመቶ አላልፍ ያለው ራውተር

ሰባተኛ ክፍል እስክደርስ አባቴ የእሑድ አባት ነበር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበረ ሳምንቱን እዚያው ያድራል፤ ቅዳሜ ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል፣ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። በኋላ ፋብሪካውን ለቆ ቤታችን ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር መጠገን ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ አባቴን ማየት! ለእኔ እንደ ዓመት በዓል ነበር። እናቴ ግን ሥራው ካልቆመለት ወደ ፋብሪካው እንደሚመለስ በጆሮዬ ነግራኛለች።

አምና አንድ የኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ሥራ ሰጠው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የቪዲዮ ትምህርት የተጫነበት ትልቅ ኮምፒውተር አለ፤ ማዶ ባለው ክፍል ደግሞ ሃያ የተማሪ ኮምፒውተሮች። ሁለቱን በፍጥነት የሚያገናኝ የጊጋቢት ራውተር ያስፈልጋል፤ አዲሱ ውድ ነው። አባቴ ከተጣሉ ኮምፒውተሮች እሠራዋለሁ አለ፣ ሠራውም። እሱ ሲለካ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከቁጥሩ ጎን የራሴንም እጨምራለሁ፤ «ዛሬ አባዬ ሁለት ጊዜ አፏጨ» ብዬ።

ቤት ስንሞክረው አራት መቶ ሜጋቢት በሰከንድ ሰጠ። ሙሉ ጊጋቢት አንድ ሺህ ነው። ለምን ጎደለ ብዬ ስጠይቀው፣ ኬብል የሚሰካባቸው ሁለቱ የኔትወርክ ካርዶች በአሮጌው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያላቸው አንድ መንገድ ነው፣ የሚገባውም የሚወጣውም እዚያው ላይ ይጋፋል አለኝ። ለሃያ ኮምፒውተር ግን አራት መቶው ይተርፋል።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። በየኩርባው እቅፍ ሲያደርገው ትንሽ ሳልቀና አልቀረሁም።

ትምህርት ቤቱ ስንገጥመው ዘጠና አራት። ሜሞሪውን ቀየረ፤ ዘጠና አራት። ካርዱን ቀየረ፤ አሁንም ያው። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ቪዲዮው አንድ ቃል ተናግሮ ይቆማል።

አባቴ ሙቀቱ ነው አለ። የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ለሚበላሽ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ነው የሚከሰው። ክዳኑን ከፍቶ የተዋሰውን ቬንትሌተር ደገነበት። የኮምፒውተር መምህሩ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ሳቁ አመለጠው።

«ጋሼ፣ እኛም እዚሁ ሙቀት ላይ ነው ያደግነው። እስካሁን ማናችንም አልቆምንም።»

ዳይሬክተሯ አልሳቁም። እስከ ስድስት ሰዓት ካልሠራ ሌላ ባለሙያ እንደሚጠሩ በትሕትና ነገሩት። አባቴ ቬንትሌተሩን ይበልጥ አስጠጋው። እኔ ፋብሪካው ታየኝ።

ደብተሬን አየሁ። በቬንትሌተር ዘጠና አራት፣ ያለ ቬንትሌተር ዘጠና አራት። ሙቀት ቢሆን ከፍ ዝቅ ይል የለም እንዴ? ማሽኑ የቤታችን ማሽን ነው። እዚህ አዲስ የሆነው በግድግዳው የሚያልፈው ኬብል ብቻ ነው። ተንበርክኬ ጫፉን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ስምንት ቀለም ክር ሊኖር ሲገባ አራት ብቻ! የቀሩት አራቱ ተገንጥለው ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር ሄደዋል። ለመቶ ሜጋቢት አራት ክር ይበቃል፣ ለጊጋቢት ግን ስምንቱም ግድ ናቸው፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ።

ያን ኬብል የዘረጋውም ራሱ ነው። ፋብሪካ እያለ፣ ለዚሁ ትምህርት ቤት በአንድ ኬብል ሁለት መስመር አወጣሁ ብሎ ለእናቴ በኩራት ሲያወራ ሰምቻለሁ።

በሰው ፊት እንዴት ልናገረው? ጻፍኩት። «አባዬ፣ ማሽንህ ደህና ነው። ኬብሉ ላይ የታሰረው አራት ክር ብቻ ነው።»

ደብተሩን ተቀብሎ አነበበ። የሚዘጋው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ዳይሬክተሯ ዞሮ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ እኔ ያልጻፍኩትንም ጨመረበት።

«እንዲህ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ቁጠባ መስሎኝ ነበር። ሙቀቱንም ያለ ጥፋቱ ነው ያማሁት።»

መምህሩ መቀስ ፈልጎ አመጣና አጠገቡ ቁጭ አለ። ስምንቱን ክር ተጋግዘው አሰሩ። ቁጥሩን እኔ አነበብኩ፤ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት። ሃያውም ስክሪን ላይ ትምህርቱ ሳይቆራረጥ ይወርድ ጀመር።

ዳይሬክተሯ ለጸሐፊዋም ለሌሎቹ ክፍሎችም አዲስ ኬብል እንዲዘረጋላቸው ጠየቁት። ሥራው ሁለት ወር ስለሚፈጅ ግቢው ውስጥ ማደሪያ ክፍል እንሰጥዎታለን አሉት። የእሑዱ አባቴ ታየኝ።

«ሥራውን እሠራለሁ» አላቸው፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ። «ማደሪያው ግን ይቅር። እኔ የማድረው ደሴ ነው።»