ታናሽ በወንበር፣ ታላቅ በመሰላል

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «መሰላል» ነበር የሚሉት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየክሊኒኩ፣ በየሱቁና በየአውቶቡስ ማቆሚያው የተሰቀሉትን የማስታወቂያ ስክሪኖች እየዞረ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ማስታወቂያው የተጫነበትን ፍላሽ የሚቀይረው እሱ ነው። ስክሪን ከጠቆረ እሱ ይጠራል። ጥበቃዎቹ ከሩቅ ሲያዩት «መጣልን» ይላሉ፤ እሱም ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

ታናሽ እህቱን እዚያ ያስገባት ራሱ ነው። ኮምፒውተር ተምራ ቤት ብትቀመጥበት አለቃውን ደጅ ጠንቶ አስቀጠራት። በሦስተኛው ወር ነገሩ ተገለባበጠ። ልጅቷ ከየስክሪኑ ጀርባ ባሉት ያረጁ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ ቀለል ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫነችና በኔትወርክ አገናኝታ መቶ አርባውንም ስክሪን ከወንበሯ ሳትነሳ ታዛቸው ጀመር። እሱ ሳምንት የሚፈጅበትን ዙር እሷ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሰዋለች።

አለቃው ሲያመሰግናት ቻለው። ያልቻለው የእናቱን ነው። አንድ እሁድ ምሳ ላይ እናቱ ለጎረቤት፣ «ልጄ እኮ ከተማውን በጣቷ ነው የምታዞረው» ሲሉ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። እሱን በዘጠኝ ዓመት ያሉት ቢኖር «እንዳትወድቅ» ብቻ ነው።

ቅናት እንደ ነቀዝ ከውስጥ ነው የሚበላው። እህቱ «ወንድምጋሼ» ስትለው ያሾፈችበት ይመስለው ጀመር። የጠቆረ ስክሪን አገኝ ይሆን እያለ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል፤ አንዱም አይጠቁርለት።

አንድ ማክሰኞ አለቃው አዳዲስ ደንበኞች ጋብዞ፣ ልጅቷ የአንድ ክሊኒክ መግቢያ ላይ ያለውን ስክሪን ማስታወቂያ ከቢሮ ሆና ስትቀይር ሊያሳያቸው ቀጠረ። መሰላል ደግሞ አቧራ ሊያራግፍ ክሊኒኩ ተልኮ ነበር። መሰላሉ ላይ ወጣና የኔትወርክ ገመዱን ነቀለው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ወንድምጋሼ፣ ኮምፒውተሩ የመግቢያው ስክሪን ገመድ ተነቅሏል ይለኛል።»

«አቧራ ሳራግፍ ይሆናላ።»

«እሺ፣ ሰካልኝ» አለች። ከዚያ ለእንግዶቹ ስትናገር ሰማት፤ «ቦታው ላይ የኛ ሰው አለ። እኔ ከዚህ ሆኜ ገመድ መሰካት አልችልም።»

ገመዱን መልሶ ሰካው። ማምሻውን ቢሮ በር ላይ ጠበቃት።

«አልተነቀለብኝም። ነቀልኩት።»

«አውቃለሁ። አቧራ የሚያራግፍ ሰው መጀመሪያ ስክሪኑን ያጠፋል። ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ስክሪኑ ደግሞ ገመዱ እስኪነቀል ድረስ እየበራ ነበር።»

«ቀንቼብሽ ነው።»

ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ለአለቃው አልነገርኩም። ግን በጣም ተቀይሜሃለሁ» ብላ ጥላው ሄደች። ሁለት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል አልወጣትም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰው ሁሉ እያየ ወንበር ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «እስቲ አሳዪኝ» አለ። ቀና ብላ አየችውና ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

የመጀመሪያውን ስክሪን ከሩቅ አጥፍቶ እስኪያስነሳ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። ለእሷ ግማሽ ደቂቃ ይበቃታል። ቅናቱ እንደገና ጫር አደረገው፤ ሁለተኛውን ሞከረ።