የኑርሀን እጅ ለምን ተንቀጠቀጠ?

ሸፊቃ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ማንያታ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ከኢትዮጵያው ሞያሌ ጠቅልላ የተሻገረችው ልጇን ኑርሀንን ኬንያ ለማስተማር ነው፤ ይህንንም ለልጅቷ ሳትነግራት የዋለችበት ቀን የለም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ኑርሀን የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ሆነች። እናቷ መረብ ኳሱን አስተወቻት። ከትምህርት በኋላ ቱሽን የሚሉት የማጠናከሪያ ትምህርት ላከቻት። ማታ ደግሞ እንቅልፍ እንዳይጥላት ጠቆር ያለ ሻይ በቴርሞስ ከደብተሯ አጠገብ ታስቀምጥላት ጀመር።

ሦስት ወር ሳይሞላ የልጅቷ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስተማሪ ስሟን ሲጠራ ልቧ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ቀን የሙከራ ፈተናውን ባዶ ወረቀት ሰጥታ ወጣች።

ሸፊቃ ሱቋን እየዘጋች መሯሯጥ ሆነ ሥራዋ። አንዷ ጎረቤት «ዓይን ነው» አለቻት፤ ቁርአን አስቀራችላት። ሌላዋ «ደም አንሷት ነው» አለቻት፤ ጉበት ገዝታ አበላቻት። ሦስተኛዋ «ወንድ ወዳ ይሆናል» ስትላት ግን «በይ ከሱቄ ውጪልኝ!» አለች።

በመጨረሻ ሄሉ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰደቻት። ነርሷ ዳዶ ደሟን አስመረመረች፤ ምንም የለም።

«ስንት ሰዓት ትተኛለች?»

«ስድስት ሰዓት።»

«የምትነሳውስ?»

«ከሌሊቱ አሥር። ፈተና አለባት እኮ!»

«ቁርሷስ?»

«ሻይ።»

«ስንት ብርጭቆ?»

ሸፊቃ ግንፍል አለች። «ሲስተር፣ ግማሽ ቀን የተሰለፍኩት ስለ ሻይ ልናወራ ነው? መርፌ ካለሽ ውጊያት!»

«መርፌ የለኝም!» ዳዶም መሯት ነበር። «አራት ሰዓት ብቻ ተኝታ፣ በባዶ ሆዷ ሻይ እየጠጣች፣ ከወንበር ሳትነሳ የምትውል ልጅ ናት። አንቺ ብትሆኚ አትንቀጠቀጪም? ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያልኳት ሦስተኛዋ እናት ነሽ!»

ኑርሀን ቀስ ብላ «እማ፣ ኳስ ስጫወት እንዲህ አያደርገኝም ነበር» አለች።

ሸፊቃ እስከ ቤት ድረስ ስታጉረመርም ሄደች። ቢሆንም ሻዩን አስቀረች፣ ጠዋት እንቁላል መቀቀል ጀመረች፣ በጊዜ አስተኛቻት። ልጅቷ ኳስ ልትጫወት ስትወጣ ግን ሱቋ በር ላይ ቆማ «ይኸው፣ ጊዜው ሲባክን!» ትላለች።

የኑርሀን እጅ ረጋ። የሒሳብ ፈተና ጠዋት አስታወካት፤ ቢሆንም ገብታ ጨርሳ ወጣች። እናቷ የተመኘችላት አዳሪ ትምህርት ቤት አልደረሳትም፤ እዚያው ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ገባች። ሸፊቃ አንድ ሳምንት አኮረፈች። ማንን እንዳኮረፈች ግን ራሷም አታውቅም፤ ልጅቷ እንደሆነች በልታ፣ ጠግባ ተኝታ፣ ስትስቅ ነው የምትውለው።