ከ«ይሁን እንጂ» በፊት የነበረው ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻ ልጄ ከምትማርበት ትምህርት ቤት ለወላጆች ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ስለ ዩኒፎርምና ስለ ማርፈድ ተናግረው የሚለቁን መስሎኝ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ግን አዲስ የመጣች የሥነ ልቦና አማካሪ ነበረች፤ ገና ልጅ ናት፣ አነጋገሯ ለስላሳ። ግድግዳው ላይ ባበራችው ምስል «የማይፈለግ ባህሪን እንዴት እናስወግድ?» የሚል ርዕስ ወጣ። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ትኩረት ያጣ ባህሪ ይከስማል።»

ይከስማል።

ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ ሳብኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ጎንበስ ብላ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፤ በሩ ነፋስ ያስገባል» አልኳት። በሩ ዝግ ነበር።

ይህን ቃል ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ አይደለም። አባታችን ሲያርፍ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ቃሉ የገባኝ በጣቶቼ በኩል ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ካዛንቺስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ጋሽ ታምራት ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ወገባቸው ሲጎዳ መሪውን ትተው ሁለት የአማርኛ ታይፕና አንድ ማባዣ ማሽን ገዙ። ኮምፒውተር በከተማው መታየት ጀምሯል፤ እኛ ጋ ግን ገና ስቴንስል ነበር። ስቴንስል ለማታውቁ፣ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ የታይፑ ፊደል ሰሙን ይበሳዋል፣ በቀዳዳው ቀለም ያልፍና ሌላው ወረቀት ላይ ይታተማል። ስትሳሳቺ ቀዩን ማረሚያ በትንሽ ብሩሽ ቀብተሽ፣ እፍ ብለሽ፣ እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ። ሽታው የጥፍር ቀለም ሽታ ነው። ዛሬም ጥፍሬን ስቀባ ያ ቤት ይመጣብኛል።

ጥሩ ታይፒስት አታነብም። ዓይኗ ፊደል ይለቅማል፣ ጣቷ ይመታል፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው። እኔ ግን አነብ ነበር። ጋሽ ታምራት «አስቱ፣ የተቀጠርሽው ለመምታት ነው እንጂ ለመማር አይደለም» እያሉ ይስቁብኛል።

ከደንበኞቻችን አንዱ ቲቸር ገዛኸኝ ነበሩ፤ ለዕጩ መምህራን የትምህርት ሥነ ልቦና የሚያስተምሩ፣ ኮታቸው ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው። ማስታወሻቸውን በእጅ ጽፈው፣ አራት አምስት ገጽ እንደደረሰላቸው ያመጡልናል። ቀሪውን ሲጽፉ ደግሞ ከሳምንትም ከሁለት ሳምንትም በኋላ ብቅ ይላሉ። ያ ማስታወሻ ለእኔ ትምህርት ቤት ሆነ። ዝግጁነት፤ ልጅ ለነገሩ ሳይደርስ ቢያስተምሩት ከንቱ ድካም ነው። ተነሳሽነት። ማጠናከሪያ፤ ከአንድ ባህሪ ቀጥሎ የሚመጣና ባህሪው እንዲደገም የሚያደርግ ነገር። እነዚህን ቃላት ይዤ ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ ሌላ ሆኖ ይታየኛል። ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሚተኛውን ውሻ ሳይ «አጥንት ወርውረው አጠናከሩት» እላለሁ። ጎረቤቶች «ዶክተር» የሚል ስም አወጡልኝ። ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅድስት ታናሽ እህቴ ናት። ያኔ ሰባት ዓመቷ፣ አንደኛ ክፍል፤ ስትናገር ትንፋሿ እስኪያጥራት የምትለፈልፍ ወሬኛ። እማዬ የመሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ከሰዓት ትመለሳለች። ሦስታችን ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ሲታጠን ነው። እንደምታውቁት የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ደጃፉን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ በሽታ ይሸሻል ይባላል። ጢሱ ሰፈሩን እንደ ጉም ሸፍኖት፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ድምፁ ብቻ እየተሰማ፣ ቅድስት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ገባች።

«እትዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ሰው ያፏጫል።»

«ማን ነው የሚያፏጨው?»

«እኔ እንጃ። አይታይማ።»

ሳቅሁ። በሽታ ይሸሻል በተባለበት ቀን እኛ ቤት መግባቱን ማን ያውቃል?

በማግስቱ እማዬ ከሥራ ቀርታ አስተኛቻት። ጤና አዳም በዘይት አሙቃ ጠብ አደረገችላት፤ ዳቦ በማርማላታ ቀብታ ሰጠቻት። ማርማላታ እኛ ቤት ለበዓል እንኳ የማይገኝ ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ስትዘል ዋለች። ሰኞ ጠዋት ግን ቦርሳዋን ስታነግት «አፏጨብኝ» አለች። ደግሞ ማርማላታ። ረቡዕም እንደዚያው።

ቲቸር ገዛኸኝ በዚያው ሳምንት አምስት ገጽ አመጡ። አምስተኛው ስለ መክሰም ነበር። አንድ ልጅ ትኩረት ለማግኘት የሚያሳየውን ባህሪ ችላ ብንለው፣ በመጀመሪያ ይብሳል፣ ከዚያ ይደክማል ይላል። የመጨረሻው መስመር ትዝ ይለኛል፤ ጣቴ ላይ አለ፦ «ትኩረት የተነፈገው ባህሪ ቀስ በቀስ ይከስማል።» ገጹ እዚያ አለቀ። ለእኔ ትምህርቱ ያለቀ መሰለኝ።

ማታ እማዬ «ነገ ፈቃድ ጠይቄ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው» አለች።

«እማዬ፣ ተይ። አንቺው ነሽ እኮ ያስለመድሻት።»

«እኔ? ምን አደረግሁ?»

«በማርማላታ! አፏጨብኝ ስትል ዳቦ ይመጣል፣ ትምህርት ይቀራል፣ አንቺ ትቀሪላታለሽ። በቃ፣ አጠናከርሽው። ዝም እንበላት፣ ራሱ ይከስማል።»

እማዬ «መጽሐፍ ነው እንዲህ ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ፤ መጽሐፍ ነው።»

መጽሐፍ አልነበረም። ያላለቀ ወረቀት ነበር። እማዬ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም፤ መጽሐፍ አለ ከተባለ ለእሷ የምታውቀው አንድ መጽሐፍ ነው፣ እሱ ደግሞ አይሳሳትም። ነጠላዋን አጣጥፋ ከሣጥኑ ላይ አስቀመጠች። ጤና ጣቢያው ቀረ።

ከዚያ ጀመርን። ቅድስት «እትዬ ያፏጫል» ስትል ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። እማዬ ከንፈሯን ነክሳ ምድጃው ላይ ታቀረቅራለች። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ጮኸች፤ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ጆሮዋን በጡጫዋ መታች። ወረቀቱ በመጀመሪያ ይብሳል አላለም? እንግዲህ ባሰ። እኔ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ዝም አለች።

እያፏጨ ነው የሚል ቃል አልወጣትም። ጠዋት ቦርሳዋን ታነግታለች፣ ትሄዳለች። ለጋሽ ታምራት በኩራት ነገርኳቸው፤ «ከሰመ!» ብዬ። እሳቸው የማባዣውን እጀታ ማዞር አቆሙና አዩኝ።

«አስቱ፣ እኔ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። ሲንጫረር የነበረ ፍሬን ድንገት ዝም ካለ ተስተካከለ አይባልም። ተበልቶ አልቋል ማለት ነው።»

«ጋሽ ታምራት ደግሞ! ልጅና መኪና ምን አገናኘው?»

«እሺ ዶክተር» ብለው እጀታቸውን ማዞር ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ የሆኑትን ዛሬ አንድ በአንድ እቆጥራቸዋለሁ፤ ያኔ ግን እያየሁ አላየሁም። ያቺ ወሬኛ ልጅ መልሷ ሁሉ «እ?» ሆነ። ራት ላይ ስንስቅ ትንሽ ቆይታ፣ ፊታችንን አይታ ትስቃለች። ሁልጊዜ በግራ ጎኗ ትተኛለች። ትራሷ መሽተት ጀመረ፤ እማዬ ያ የጤና አዳም ዘይት የነካው መስሏት አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ በማግስቱ ይሸታል። አንድ ቀን ጠዋት እማዬ ልጅቷን ስታበጥር ቆይታ፣ ማበጠሪያውን እንደያዘች፣ «አስቱዬ፣ ይቺ ልጅ ከሰመችብኝ» አለችኝ።

ልክ በዚያ ቃል። እማዬ ወረቀቱን አላነበበችም፤ ፍም ሲከስም ግን ታውቃለች። እኔ «ባህሪዋ ነው የከሰመው፣ እማዬ» ብዬ አረምኳት። አረምኳት!

ቲቸር ገዛኸኝ የተመለሱት ገና ሊደርስ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። «ታምሜ ዘገየሁ፣ ይቅርታ» ብለው ቀሪውን አስቀምጠው ሄዱ። አዲስ ስቴንስል አስገባሁና ከላይኛው መስመር ጀመርኩ። ጣቴ ቀድሞ መታ፣ ዓይኔ ተከተለ።

«ይሁን እንጂ ቅሬታው ከሕመም ወይም ከፍርሃት የመጣ አለመሆኑ አስቀድሞ መጣራት አለበት። ይህ ሳይደረግ ችላ የተባለ ልጅ ሕመሙ አይተወውም፤ መናገሩን ግን ይተዋል።»

የመጨረሻውን አራት ነጥብ አልመታሁትም። ተነሳሁ። ጋሽ ታምራት «የት ነው?» ሲሉ በሩን አልፌ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሩቅ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን መንገዱ ረዘመብኝ። ታክሲዎቹ፣ የጫማ ጠራጊዎቹ ማንኳኳት፣ የሚቆላ ቡና ሽታ፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ነው፤ እሱ ነበር የሚያስፈራው። ዕረፍት ላይ ደረስኩ። ቅድስት ጀርባዋን ሰጥታኝ ከሁለት ልጆች ጋር ገመድ ይዛ ቆማለች። በግራዋ በኩል ቀረብ ብዬ ጠራኋት።

«ቅዱ!»

ሁለቱ ልጆች ዞሩ። እሷ አልዞረችም።

«ቅድስት!»

ከልጆቹ አንዷ፣ ጥርሷ የወለቀ፣ እንደ ቀላል ነገር «በዚያ በኩል አትሰማም እኮ» አለችኝ። «የግራዋ አይሠራም። እኛ በቀኝ ነው የምንጠራት።»

የሰባት ዓመት ልጆች ደርሰውበታል። እኔ ዶክተሯ ግን አልደረስኩበትም።

ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት ግራ የተጋባች መሰለች።

«ስነግርሽ ትዞሪያለሽ» አለች። «እንዳትዞሪ ብዬ ተውኩት።»

እማዬን ከሥራዋ ጠርቼ ተያይዘን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ በትንሿ መብራት አይቶ፣ ከጆሮዋ ኋላ ያለውን አጥንት ጫን ሲለው ልጅቷ ጮኸች፤ ከሳምንታት በኋላ የሰማነው የመጀመሪያ ጩኸቷ ነው። የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል፣ መግሉ ወደ ውስጥ እየሄደ ነው አለን። «ከዚህ ቀጥሎ ያለው አንጎል ነው። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ...» ብሎ ሳይጨርስ መጻፍ ጀመረ። ሆስፒታል አስተኟት። መርፌውም ቀዶ ጥገናውም አዳናት። የግራ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም።

እማዬ እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ፤ እንድትመታኝም ተመኘሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠጉሬን ዳበሰችና «አንቺ ምን አደረግሽ፤ መጽሐፍ ነው ያልሽኝ» አለችኝ። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ነገር ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ከዚህ የሚከብድ ቃልም አላውቅም።

ማንበብ አልተውኩም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው ያበዛሁት። ብቻ ገጽ ሲያልቅ እጄ በራሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ቅዳሜ ዕለት፣ አማካሪዋ «ጥያቄ ያለው?» ስትል እጄን አወጣሁ።

«የኔ ልጅ፣ ጥሩ ነው የተናገርሽው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምስል ምንድን ነው?»

«ስለ ሽልማት ነው፣ እናቴ።»

«‹ይሁን እንጂ› የሚል የለውም?»

አዳራሹ ትንሽ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች፤ «ምን ማለትዎ ነው?» አለችኝ። ተነሳሁና ነገርኳቸው፤ እናንተ ካነበባችሁት አሳጥሬ። ስጨርስ የሳቀ አልነበረም። ልጅቷ ማስታወሻዋን አውጥታ የሆነ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች አላየሁም። ከፊቴ የነበሩ አንድ አባት ግን ስልካቸውን አውጥተው ወደ ውጭ ሲሮጡ አይቻለሁ። ለማን እንደደወሉ እስካሁን አስባለሁ።

ቅድስት ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። አብረን ስንሄድ ማንም ሳይነግረኝ በቀኟ እሆናለሁ። ቤቴ ስትመጣ ግን ሶስና፣ የመጨረሻዋ ልጄ፣ አክስቷን ከሁሉም ወገን ትጠራታለች፤ በግራዋ ስትጠራት የሚመጣውን ዝምታ አሁንም አልለመድኩትም።

ትናንት ማታ የቤት ሥራ ሰዓት ላይ ሶስና «እማ፣ እግሬን አመመኝ» አለችኝ። በዚህ ሳምንት አራተኛ ጊዜዋ ነው። መዋሸቷን አውቃለሁ፤ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ድስቱን አወረድኩ፣ እጄን ጠረግሁ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«የቱ ጋ?» አልኳት።