ከድልድዩ የወረደው ገመድ

በዱብቲ ከሚያልፈው ወንዝ ጋር ቂም አለን። አንድ ክረምት ቤቴን ከነመደቡ ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሳልለካው ያለፈ ክረምት የለም።

ያኔ የሚሸጥ የሽቲ ጨርቅ ተሸክሜ ከአዋሽ ከተማ እስከ ሎጊያ የምዞር ሴት ነበርኩ፤ የጅቡቲ መኪኖች ከነሸቀጤ ይጭኑኛል። ክረምት ሲገባ ግን የትም ብሆን ዱብቲ ነኝ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ድንጋይ ያሰርኩበትን ገመድ ወደ ታች እለቃለሁ። ድንጋዩ ውሃውን ሲነካ፣ ገመዱ የድልድዩን ብረት የነካበት ላይ ባለቀለም ክር እቋጥራለሁ። ለየክረምቱ የራሱ ቀለም አለው። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ውሃው ከሁሉም ከፍ ባለበት ቀን የታሰረውን ትቼ የዚያን ክረምት ሌላውን ክር እፈታለሁ።

አንድ ስለ ወንዝ የሚያጠና ሰው እዚያው አገኘኝና ገመዴን በሜትር ለክቶ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው። በየዓመቱ እየመጣ የዚያን ክረምት ይጨምር ነበር። በኋላ ታሞ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት።

ዘንድሮ አዋሽ ሳለሁ የልጅ ልጄ ደወለች። ሰመራ፣ የቆዩ ጥናቶች ሳይጠፉ ለመጪው ትውልድ እንዲቆዩ በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የሟቹ ጥናትም እዚያ ገብቷል።

«አያዬ፣ ያንቺ ገመድ ሊሰረዝ ነው።»

«ምን አጠፋ?»

«ቁጥሩ ስህተት ነው ይላሉ።»

በማግስቱ ወደ ሰመራ ተሳፈርኩ።

አለቃዋ ጨዋ ልጅ ነው፤ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «እማማ፣ አይቀየሙኝ። ዱብቲ ከተማ በጎርፍ በተዋጠበት ዓመት የእርስዎ ቁጥር ትንሽ ነው። በድርቁ ዓመት ደግሞ ትልቅ። ይሄን ብናስቀምጥ ለልጆቻችን ስህተት ነው የምናወርሰው።»

«እዚህ አገር ስንት ዓመትህ ነው፣ ልጄ?»

«አራት።»

«አራት ዓመት ሙሉ ዳጉ አላስተማሩህም?»

ዳጉን እዚህ የማያውቅ የለም። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ሰሚው ግን ወሬውን ብቻ አይወስድም፤ ማን አየው፣ የት ቆሞ አየው ብሎ ይጠይቃል።

«አንተ ወሬዬን ይዘህ እኔን ሳትጠይቅ ውሸታም አደረግከኝ። በል ጠይቀኝ።»

አፈር ብሎ፣ «የት ቆመው ለኩ?» አለ።

«ድልድዩ ላይ!» ገመዴን ከዘንቢሌ አውጥቼ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ታች ለቀቅኩት። «ጠረጴዛህ ድልድዩ ነው፤ እግርህ ውሃው። እስቲ ሙላ!»

እግሩን ቀስ እያለ አነሳ። ድንጋዩ በጫማው ላይ አርፎ ሲወጣ፣ የተረፈውን ገመድ ወደ ላይ ሳብኩት።

«ውሃው ሲሞላ ገመዴ ረዘመ ወይስ አጠረ?»

እግሩን እንዳንጠለጠለ ቀረ። የልጅ ልጄ በሩ ጋ አፏን ይዛ ትስቃለች።

«ገልብጠን ነው ያነበብነው» አለ። «በቃ፣ አሁኑኑ ቁጥሮቹን እናስተካክላቸዋለን።»

«ወላሂ አንዷን አትነካትም! ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጥ። እንዴት እንደተለካ ከጎኑ ጻፍበት።»

ጻፈ። የልጅ ልጄን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት፦ «ከድልድዩ ብረት ወደ ታች እስከ ውሃው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎርፉ ይበዛል።»

«ገመዱንም ይተዉልን፣ እማማ፤ በክብር እናስቀምጠዋለን።»

«ፎቶ አንሳው» አልኩት፣ ድንጋዬን ወደ ዘንቢሌ እየመለስኩ። «ክረምት እየገባ ነው፤ እፈልገዋለሁ።»